ድስቱን ያማሰለው ማን ነው?

ክዳኑን ያነሳችው አዳልጂዛ ራሷ ናት። ሌላ ሰው አንስቶት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ዓይኗን ለመጨፈን ጊዜ ታገኝ ነበር።

ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ዓሣ አይመስልም። ስንት ቀን በየማለዳው ውሃ እየቀየረች ያራሰችው፣ እሾሁን አንድ በአንድ የለቀመችለት፣ ከነቆዳው በሥርዓት ደርድራ ያስተኛችው ደረቅ ዓሣ ከድንቹና ከቲማቲሙ ጋር ተደባልቆ ላቁጧል። ዓሣው ድስቱን እንዳይነካ ከሥር ያነጠፈችው ሸምበቆ እንኳ ተገልብጦ ስንጥሩ በወጡ መሃል ብቅ ብቅ ብሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ሲኞራ ክሎቲልዴ፣ የቤቱ እመቤት። ሹካቸውን አላነሱም።

አዳልጂዛ ጎንበስ አለች። ድስቱን ትኩር ብላ አየችው። አንኮና ወደብ ላይ የተወለደ ሰው፣ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፣ ይህ ወጥ እንደማይማሰል ያውቃል። ዓሣው፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ ይደረደራል፤ የወይራ ዘይቱ ያለ ስስት ይፈስበታል፤ ነጩ ወይን ይጨመርበታል፤ ከዚያ ይከደንና ሁለት ሰዓት ተኩል ይተዋል። የግድ ከሆነ ድስቱን በጆሮው ይዞ ነቅነቅ ማድረግ ነው እንጂ ማማሰያ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። ክዳኑም እስከ ጠረጴዛ አይነሳም። እሷም የጥብስ ቅጠል ልትቆርጥ ለአፍታ ጓሮ ወጥታ ስትመለስ ክዳኑን እንደተወችው ስላገኘችው አልነካችውም።

"ድስቱን ማን ነው ያማሰለው?" አለች።

"እሰይ! ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛ ሆንን!" ሲኞራ ክሎቲልዴ ከሚላኖ ወደመጣው የወይን ነጋዴ ዞሩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲኞር ጋልቢያቲ። ወይናችንን ከምግብ ጋር ልቅመሰው አሉ፤ እኛም ከወደብ ሰው አመጣን። የወደብ ሰው እጅ እንግዲህ ይሄ ነው። ለውሾቹም ቢሰጥ እንጃ!"

ሲኞር ጋልቢያቲ በኀፍረት ጺሙን ነካካ። ብርጭቆው ውስጥ የቤቱ ቬርዲኪዮ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፤ ስኳር ያልቀረበት፣ መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ሥር የመራራ ለውዝ ጣዕም የሚተው ነጭ ወይን። ብቻውን ሲጠጡት የኮረፈ ሰው ይመስላል፤ በዘይት የጠገበ ዓሣ ሲያገኝ ግን ፊቱ ይፈታል። ይህን ለነጋዴው የነገረው ኦታቪዮ ነበር፣ የእመቤቲቱ አንድ ልጅ። ለአዳልጂዛ የነገራት ግን ሌላ ነገር ነው። "ሳህኑ ሲነሳ እማዬ ፊት እጅሽን እይዛለሁ። 'የማገባት እሷን ነው' እላለሁ። በቃ፣ ሁለት ዓመት መደበቅ ይበቃናል።"

ለዚህ ነበር ተራራው ላይ የወጣችው። ለዚህ ነበር ከአክስቷ ምግብ ቤት ድስቷን ይዛ፣ ያላትን አንድ ደህና ቀሚስ ለብሳ፣ የኦታቪዮ ቤት ያለበት የተራራ መንደር፣ ስታፎሎ የደረሰችው።

"ኦታቪዮ" አሉ እናቱ፣ "ለመሆኑ ይህችን ከየት ነው ያመጣሃት? ምንህ ናት?"

አዳልጂዛ አየችው። እሱም አያት። አሁን ይናገራል፣ አለች በሆዷ። ወጡ ቢበላሽም፣ ነጋዴው ቢስቅም፣ አሁን ይነሳል። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ እናቱ ሄደና ብርጭቆው ላይ ወደቀ።

"ወደብ ላይ… ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት" አለ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ነገሩን የተናገረው ሰው የኦታቪዮን ዝምታ አላየም። ያ ዝምታ እዚያው፣ በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ አዳልጂዛ ዓይን ስር ነቀዘ።

ሽርጧን ፈታች። ድስቱን ጠቀለለችበት፤ ጆሮና ጆሮውን ያዘች።

"ውሾቻችሁ እንዳይቸገሩ ይዤው እሄዳለሁ" አለች። "እርስዎን ደግሞ ሲኞራ፣ ማርያም የሰጡትን ትክፈልዎ።"

ኮረብታውን ሁሉ፣ የወይን ተክሉን መሃል ለመሃል፣ በእግሯ ወረደች። አውቶቡሱ ውስጥ ድስቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በሽርጡና በቀሚሱ አልፎ ያቃጥላታል። አጠገቧ የተቀመጠች ባልቴት "የእኔ ልጅ፣ መሬት አድርጊው እንጂ" ብትላት እምቢ አለች። ጭኗ ቢቃጠል ይሻላታል። ሌላው የሚቃጠለው ቦታ እጅ አይደርስበትም።

*

ከዚያ በኋላ ወደብ ላይ አዳልጂዛን ደፍሮ የሚያናግር ጠፋ። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው የምትውለው። ምንቸቱን ስታስቀምጥ ግድግዳው ይነቃነቃል፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣውላው ያለቅሳል። የምግብ ቤቱ የዘወትር ደንበኛ፣ ሰባ ዓመት የሞላው ዓሣ አጥማጁ ናዛሬኖ ብቻ ነበር አፉ የማያርፍ።

"ጂዛዬ፣ ዛሬ ወጡ ጨው በዛበት። እያለቀስሽበት ነው እንዴ የምትሠሪው?"

"ጨው የበዛበት ባሕር ገብቶ ይታጠብ!"

"ኧረ እኔስ ከባሕር መውጣቴ ነው! እዚያ እንኳ እንዳንቺ የሚናወጥ አላየሁም።"

በየሐሙሱ ከስታፎሎ የጭነት መኪና ይወርዳል። የወይን ጠርሙሶቹ በሳጥን፣ በጭድ ተጠቅልለው ይመጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጭድ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ጠርሙስ ሥር፣ የኦታቪዮ ደብዳቤ ይኖር ነበር። ሾፌሩ አያውቅም፤ እናትየው አያውቁም። አዳልጂዛ ጭዱን ስትበረብር ጣቷ ወረቀት ሲነካ የሚሰማትን ነገር አክስቷ ኤልቪራ ብቻ ታውቅ ነበር፤ እሷም የማታውቅ ትመስል ነበር።

ከዚያ ምሳ በኋላ በመጣው ሐሙስ ደብዳቤ ነበረ። አዳልጂዛ ሳትከፍተው ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። በሁለተኛውም ሐሙስ ነበረ። እሱንም ጨመረችው። ሲነድ ቆማ አየችው፤ "ወጥ ሠሪዋ እሳት ታነድበታለች" አለች ጮክ ብላ፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር።

በሐሳቧ ግን ፍርዱ አልቋል። ድስቱን ያማሰሉት ሲኞራ ክሎቲልዴ ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል? ልጃቸው ከወደብ ሴት ጋር ነገር እንዳለው ሸቷቸዋል፤ እሷ ጓሮ እስክትወጣ ጠብቀው በዚያ በቀለበት በተሞላ እጃቸው ወጧን አማስለው አማስለው፣ ክዳኑን መልሰው፣ ነጩ ጠረጴዛ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ዕንቅልፍ እምቢ ሲላት ይህን ነገር እንደ ጸሎት ትደግመዋለች።

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለቻት ኤልቪራ በሦስተኛው ሐሙስ ጧት። "ወይ አንብቢው፣ ወይ ከሳጥኑ ጋር መልሺው። አመዱን የምጠርገው እኔ ነኝ።"

"ምን ሊል ነው? 'ውዴ ጂዛ፣ ጨረቃዋ ደምቃለች' ሊል ነው? ያቺን ቃል ከመናገር ጨረቃ መግለጽ ይቀለዋል!"

ኤልቪራ እጇን በሽርጧ ጠረገች። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰካችና ወረቀቱን ከእጇ ነጥቃ ከፈተችው። አንዲት መስመር አነበበች። ከዚያ ቁጭ አለች።

"ማርያም ትድረስልኝ" አለች። "ስሚ።"

"አልሰማም።"

"'ጂዛ፣ ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። ድስቱን ያማሰልኩት እኔ ነኝ።'"

አዳልጂዛ የያዘችውን ቢላ ጣውላው ላይ አስቀመጠች። በቀስታ።

"'አንቺ ጓሮ እንደወጣሽ ወጥ ቤት ገባሁ። ላይሽ ነበር የመጣሁት፤ አይዞሽ ልልሽ። የሚያርር ነገር ሸተተኝ። ሸምበቆው መሆኑን በምን ልወቅ? እኛ ተራራ ላይ ያደግነው በበቆሎ ገንፎ ነው። ገንፎ ለአፍታ ዓይንሽን ከነቀልሽበት ይይዛል፤ እማዬ በልጅነቴ ማማሰያውን አስይዛኝ ክንዴ እስኪዝል ነበር የምታስዞረኝ። ላግዝሽ ብዬ ነው። ምሳው እንዳይበላሽብሽ። እስከ ታች ድረስ ደጋግሜ አማሰልኩትና ከደንኩት፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ክዳኑን ስታነሺ የሠራሁት ሥራ ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ አየችኝ። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ ስታየኝ ሰባት ዓመቴ ነው።'"

ኤልቪራ ወረቀቱን አጠፈችው። "ምስኪን" አለች። "ላግዛት ብሎ እኮ ነው።"

"ምስኪን?" የአዳልጂዛ ድምፅ ምግብ ቤቱን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። "ምስኪን አልሽው? አማሰለ፣ ያማስል! ድስቱ ገደል ይግባ! ሞኝነት ነው፤ ለሞኝነቱ ስቄበት እተወው ነበር። ግን አክስቴ፣ ያውቅ ነበር እኮ! እናቱ 'ለውሾችም አይሆን' ስትለኝ፣ ያ የሚላኖ ሰው ሲያፍርልኝ፣ የእኔ እጅ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብርጭቆ ያያል! አሮጊቷን ሦስት ሳምንት ስራገም የከረምኩት በከንቱ ነው። ጠላቴ ቢያዋርደኝ እችለው ነበር።"

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተሰበረ። ንዴቷ ማረፊያ ነበረው፤ በቀለበት የተሞላው እጅ ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን ያ ማረፊያ ተነሳባትና ንዴቱ በሙሉ ወደምትወደው ሰው ዞረ። የዚህን ያህል ሕመም ይኖረዋል ብላ አላሰበችም።

የደብዳቤውን ጀርባ ገልብጣ እንደ ከሰል በጠቆረ እርሳስ ጻፈችበት። "ያዋረድከኝ በወረቀት አይደለም። በጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ የነበራችሁት ሦስታችሁም ከነገ ሳምንት አርብ ለምሳ እዚህ ትቀመጣላችሁ። ያኔ አፍህን ትከፍታለህ። ካልሆነ ጭድህን ለከብቶችህ አብላው።"

ሾፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ ሲከት እስከ መኪናው ድረስ ተከተለችው። ይመጣል ብላ ፈራች። አይመጣም ብላም ፈራች።

*

መጡ። ሲኞር ጋልቢያቲ ወይኑን ከምግብ ጋር ሳይቀምስ መሄዱ ይቆጨው ስለነበር በደስታ መጣ። ሲኞራ ክሎቲልዴ ደግሞ ልጃቸው ለሁለት ሳምንት ምግብ አልቀምስም ስላለ መጡ። ጓንታቸውን ሳያወልቁ፣ ወንበሩን በመሐረብ ጠርገው ተቀመጡ። ኦታቪዮ ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። አዳልጂዛ ክሳቱን አየችና እንዳላየች ሆነች።

አርብ ስለሆነ ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ናዛሬኖ ጥጉን ይዟል። ድስቱን አምጥታ መሃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ክዳኑንም አነሳች።

ዓሣው እንዳስተኛችው ተኝቷል፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ ቆዳው ያልተላጠ። ድንቹ ዘይቱን ጠጥቶ ወርቅ መስሏል። በትልቅ ማንኪያ ከሥር አንስታ ሦስቱም ሳህን ላይ ሳይፈርስ አኖረችው። ቬርዲኪዮውን ቀዳች። ነጋዴው ጎረሰ፣ ተጎነጨ፣ ደግሞ ጎረሰ።

"አሁን ገና!" አለ። "ዓሣው አፌን በዘይት ይሞላዋል፤ ወይኑ ይመጣና ያጥበዋል፤ ደግሞ ያስርበኛል። ሲኞራ፣ ባለፈው ብቻውን ስጠጣው ምን ያኮርፈዋል ብዬ ነበር። ይሄንን እየጠበቀ ነዋ!"

"ዓሣ ሦስት ጊዜ ይዋኛል" አለ ናዛሬኖ ከጥጉ። "በባሕር፣ በዘይት፣ በወይን።"

ሰዉ ሳቀ። አዳልጂዛ አልሳቀችም። እጇን አጣጥፋ፣ ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆማ ኦታቪዮን ታየዋለች። ለምስጋናው አልነበረም የጠራቻቸው። ኦታቪዮ ሳህኑን አልነካም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እናቱ "ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?" አሉት። ዓይኑ ወደ እሳቸው ሄደ። ከዚያ፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ ብርጭቆው ላይ ወደቀ።

በቃ። ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤቱ ተራመደች። አንድ እርምጃ። ሁለት። ሁለት ዓመት ማለት ለካ ከዚህ ጠረጴዛ እስከዚያ በር ድረስ ነው።

ወንበር ወደቀ።

"እኔ ነኝ!" አለ ኦታቪዮ።

ቆመች። አልዞረችም።

"ያን ቀን ድስቱን ያማሰልኩት እኔ ነኝ እማዬ። ገንፎ መስሎኝ። እሷን ስትሰድቢያት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ወጥ ሠሪ ናት ያልኩትም…"

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ" አሉ ሲኞራ ክሎቲልዴ። "ሰው ይሰማል።"

"እንዲሰማ ነው! ሁለት ዓመት ያፈቀርኳት ሴት ናት። ላገባት ቃል የገባሁላት። እምቢ ልትለኝ ትችላለች፤ ይገባኛል። አንቺ ግን ምኔ እንደሆነች ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ ይኸው ነው።"

ሰዉ ሁሉ ወንበሩን ወደ መሃል ጠረጴዛው አዞረ።

"እኔ ጆሮዬ ደህና አይሰማም" አለ ናዛሬኖ። "ምን አለ? ይድገመው!"

ኦታቪዮ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወንበር ሳይደገፍ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጥ ጮኸ። የመጨረሻውን ሲናገር የሚያየው እናቱን አልነበረም።

አዳልጂዛ ዞረች። ሲኞራ ክሎቲልዴ የቀኝ ጓንታቸውን ጣት በጣት እያወለቁ ነበር።

"አንቺ" አሉ። "ማን መስሎሽ ነበር ያማሰለው?"

"እርስዎ ሲኞራ።"

"ተራግመሽኛል?"

"ከነቀለበትዎ።"

እመቤቲቱ ለአፍታ አዩዋት። "ማማሰሉ የእኔ አልነበረም" አሉ። "ያ አፌ ግን የእኔ ነው። ከእርግማንሽ ከግማሽ የሚበልጠው ዒላማውን አግኝቷል።" ሳህናቸውን ገፋ አደረጉላት። "ጨምሪልኝ። ከድንቹም።"

ይህ ይቅርታ እንደሆነ አዳልጂዛ ገባት፤ ከዚያ ሰፈር ከዚህ የሚበልጥ እንደማይመጣም ገባት። ጨመረችላቸው።

ኦታቪዮ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። "ይቅር አልሽኝ?"

"አላልኩም።"

"ምን ላድርግ?"

ምድጃው ላይ ለማታ የሚደርሰው ሁለተኛ ድስት አሁን ገና መፍላት ጀምሯል። በእግሯ በርጩማ ገፍታ ምድጃው አጠገብ አደረገችለት። ማማሰያውን ከመስቀያው አንስታ ጭኑ ላይ አኖረችው።

"ተቀመጥ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ክዳኑን ሳትነካ ከቆየህ እንነጋገራለን። ከነካኸው መኪናው በር ላይ ነው።"

ተቀመጠ። ጀርባዋን ሰጥታው ድንች መላጥ ጀመረች። ንዴቷ አልወጣም፣ ቶሎ እንደማይወጣም ታውቃለች። ቀስ በቀስ ሸምበቆው መጤስ ጀመረና ያ ሽታ መጣ።

"ጂዛ…" አለ ኦታቪዮ በተጨነቀ ድምፅ። "እያረረ ነው።"

"ይረር!"

"ኧረ በእውነት እያረረ ነው።"

"ይረር አልኩህ!"

የላጠችውን ድንች አስቀምጣ ሌላ አነሳች። ክዳኑን እንዳይነካው ብላ በትከሻዋ አሻግራ አየችው። ማማሰያው መሬት ላይ ነው። የተራራው ጌታ፣ የትልቅ ቤት አንድ ልጅ፣ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ቁጭ ብሎባቸዋል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ዓይኑን ከድስቱ አልነቀለም።

ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሆነ፤ እሱ እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ቢላውንና ድንቹን ይዛ እንደቆመች።

"ሁለት ሰዓት ይቀርሃል" አለችው።